በቀይ የሚጻፍ ስም

የያዙኝ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ክፍልፋይ ሳስተምር ነው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ፤ አንደኛው ቆቡን አውልቆ፣ "አስተማሪ፣ ላንድ አፍታ ትፈለጋለህ" አለኝ። የያዝኩትን ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ እጄን አራግፌ ወጣሁ። ያቺ አንድ አፍታ አሥራ አንድ ወር ሆነች።

በዚያ ሰሞን ጎንደር ገበያ አጠገብ ካለ ግድግዳ ላይ መንግሥትን የሚነቅፍ ወረቀት ተለጥፎ ተገኝቶ ነበር። የጻፈው ሰው ስላልታወቀ በከተማው ብዕር ይይዛል የተባለ ሁሉ ተለቀመ። እኔ አልጻፍኩትም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ባልጻፍኩት ወረቀት ታስሬ፣ እዚያው እስር ቤት ውስጥ በጻፍኩት ወረቀት ደግሞ ሌላ ሰው ተገረፈ። የማወራው ስለዚህኛው ነው።

ክፍሉ ጣሊያን ለማኪና ዕቃ ማስቀመጫ የሠራው መጋዘን ነበር። ግድግዳው ቀይ ጡብ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ከጣሪያው ሥር የብረት ፍርግርግ ያላት አንዲት መስኮት አለች። ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ፤ የግራሶው ሽታ ግን አልሄደም። ከሰው ላብና ጥግ ላይ ከተቀመጠው የሽንት ባልዲ ጋር ተደባልቆ ዓይን ያስነባል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ካለሁበት ሳልነቃነቅ ቀረሁ። እግር ማሳረፊያ እንኳ አልታየኝም።

"ግባ እንጂ ልጄ" አለኝ ከጥግ አንድ ድምፅ። "በር ላይ ቆሞ የከረመ የለም። እናንተ፣ ጠጋ ጠጋ በሉለት።"

ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ጠጋ አለ፤ ቦታ ተገኘልኝ።

የተናገሩት ሰው ከኮላ ድባ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው። ሃምሳን ያለፉ፣ ከሲታ፣ ቃል ከአፋቸው ቶሎ የማይወጣ። ሃያ ስምንት ያገራቸው ሰዎች አብረዋቸው ታስረዋል። ጥፋታቸው መሬታቸውን በገመድ ሊለኩ የመጡትን ሹማምንት ከማሳው አናስገባም ማለታቸው ነው። ሕዝቡን ወክለው መንገድ ላይ ቆመው የተናገሩት እሳቸው ነበሩ።

በእስር ቤት የእስረኛ አለቃ ካቦ ይባላል፤ ይህም ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነገር ነው። ገበሬዎቹ ግን ካቦ ማለቱ አልሆነላቸውም። ባገራቸው ቤተ ክርስቲያን የሰንበቴ ማኅበር አላቸው፤ የማኅበሩን አለቃ ሙሴ ይሉታል። ሰውየው እዚያ ሙሴ ስለነበሩ እዚህም ሙሴ ሆነው ቀጠሉ። ፊት ለፊት ሲያናግሯቸው አያ ይሏቸዋል። እኔም አያ አልኳቸው።

እኔ ያኔ ዘመናዊ ነኝ ባይ ነበርኩ። አባቴ እዚያው ጎንደር ባንድ ደብር ብራና ጸሐፊ ነበር። በልጅነቴ አጠገቡ አስቀምጦ ቁም ጽሕፈት አስተምሮኛል። አስኳላ ከገባሁ በኋላ ግን ያንን እጅ ተውኩት፤ እንዲነሳብኝም አልወድም ነበር። ሰው ጠዋት ማታ እግዜርን ሲጠራ በሆዴ እስቅ ነበር።

"ሙሴ እንዴት ሆኑ?" ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን።

"ሦስት ጊዜ እምቢ ብያለሁ" አሉኝ። "እርሻ እንጂ ንግግር አላውቅም አልኳቸው። ባራተኛው ቄሱ መስቀሉን አስሳሙኝና፣ እምቢ የምትለው እኛን ነው ወይስ እሱን? አሉኝ። ምን ልበል?"

"ታዲያ እግዜር ነው የመረጠኝ ይላሉ?" አልኳቸው፤ ማሾፌ ነበር።

"እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ አንድ ቀን የት ጣልካቸው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሃያ ስምንት ነበሩ፤ እናንተ ሁለታችሁ ስትመጡ ሠላሳ ሆናችሁብኝ።"

ሁለታችሁ ያሉት እኔንና መሪጌታውን ነው። መሪጌታው ከኔ ጋር ባንድ ሰሞን የተለቀሙ የዜማ መምህር ናቸው። ወደ ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ደረታቸውን ያማቸዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ብዕር መያዝ የምንችል እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን።

እሑድ እሑድ ማኅበሩ እዚያው ይደረግ ነበር። ጠላ ስለሌለ ውሃ ነው የሚጠጣው፤ ጽዋው የቲማቲም ጣሳ ነው። ከየሰዉ ስንቅ የተቆረሰው ዳቦ አንድ ጨርቅ ላይ ይሰበሰባል፤ መሪጌታው ይጸልያሉ፤ ሙሴ ከእንስራው እየቀዱ ለያንዳንዱ ያድላሉ። እሳቸው የሚጠጡት መጨረሻ ነው። ብዙ ጊዜ አይደርሳቸውም። ሳይደርሳቸው ሲቀር ባዶውን ጣሳ አንስተው ወደ አፋቸው ዘንበል ያደርጉና፣ "ተመስገን" ብለው ያስቀምጡታል። እኔ ይህን ሳይ ትያትር ይመስለኝ ነበር።

አምስት ወር ሞላን። ፍርድ ቤት ያቀረበን የለም። ሙሴ ለጃንሆይ ይጻፍ አሉ። የሚጻፈውም ወይ ይፈረድብን ወይ እንፈታ የሚል ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ቃሉን እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ የመሪጌታው ዓይን ደክሟል። የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ተገኘ። ጥላሸት በጥብጠን ቀለም አደረግን፤ ከጣሪያው ሸምበቆ መዝዤ ብዕር ቀረጽኩ። የአስኳላ ጽሕፈቴን የእስር ቤቱ አዛዥ ያውቀዋል፤ ስያዝ የማስተማሪያ ደብተሮቼን ወስዶብኛል። ስለዚህ ስንት ዓመት የተውኩትን የአባቴን እጅ አወጣሁ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ገና "በእግዚአብሔር ስም" ብዬ ስጀምር ሙሴ እጄን ያዙኝ።

"ምነው በጥቁር? የሱ ስም በጥቁር ይጻፋል እንዴ?"

"ይኸ ማመልከቻ ነው እንጂ ዳዊት አይደለም አያ። ደግሞ ቀይ ከየት ይመጣል?"

ግድግዳውን አሳዩኝ። "ቀይ ውስጥ ተቀምጠህ ቀይ ከየት ይመጣል ትላለህ? ንጉሥ ፊት የምንገባ በማን ስም ነው? በሱ አይደለም? እንግዲያ ስሙ ሸጋ ሆኖ ይታይ።"

አንዱ ገበሬ በማንኪያ እጀታ ጡቡን ፋቀ፣ ሌላው በጣሳው ቂጥ አላመው። የእግዚአብሔር ስም ሦስት ቦታ ነበር፤ ሦስቱንም በቀይ ጻፍኩ። መሪጌታው ከተኙበት ቀና ብለው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"ይኸ የተማረ እጅ ነው" አሉኝ። "ማን አስተማረህ?"

"አባቴ።"

"ደግ አድርጎ አስተምሮሃል።"

ደብዳቤውን የሙሴ ሚስት ስንቅ ባመጡ ጊዜ ባዶ ቅል ውስጥ ከተን ሰጠናቸው። ዘበኛው በር ላይ ቅሉን ነቀነቀው፤ የወረቀት ኮሽታ ሰማና መሬት ላይ ፈጠፈጠው። ሴትዮዋን በጥፊ መታቸው። ድምፁ እኛ ዘንድ ድረስ ተሰማ፤ ሙሴ ግድግዳው ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው ቆዩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሦስታችን ግቢው ውስጥ ቆምን። ሙሴ ካቦ ስለሆኑ፣ እኔና መሪጌታው መጻፍ ስለምንችል። አዛዡ ወንበር አስወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። የሚጮህ ሰው አልነበረም፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። አጠገቡ አንድ ቄስ በጨርቅ የተጠቀለለ ወንጌል ታቅፈው ቆመዋል፤ ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል።

"ይኸ የቤተ ክህነት እጅ ነው" አለ አዛዡ ወረቀቱን እያገላበጠ። "እስር ቤት ተቀምጦ ቀይ ቀለም ትዝ የሚለው አስተማሪ የለም። ቢሆንም ሰው እንዳልበድል ወንጌል አስመጥቻለሁ። ያልጻፈ ይማል፤ ይገባል። አለቀ። አስተማሪ፣ ካንተ እንጀምር።"

ወንጌሉን ገለጡልኝ። ምንም አልመሰለኝም። ቆዳ የለበሰ መጽሐፍ ነው፤ አባቴ ብዙ ጽፏል። ቀኝ እጄን አሳረፍኩበትና፣ "ይህ እጄ ጽፎት እንደሆነ ይድረቅ" አልኩ። ቄሱ አሜን አሉ። ተመልሼ ቆምኩ።

"መሪጌታ፣ እርስዎስ?"

"አልጻፍኩም" አሉ።

"እንግዲያ ይማሉ።"

"ከድቁናዬ ጀምሮ ምዬ አላውቅም። አልጻፍኩም ብያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ልጨምርልህ?"

አዛዡ ፈገግ አለ። ወደ ሙሴ ዞረ። "አንተስ ካቦ? መጻፍ አትችልም አውቃለሁ። ጻፊው ማን እንደሆነ አላውቅም ብለህ ማል።"

"አውቃለሁ" አሉ ሙሴ። "ቃሉ የኔ ነው። ቀዩንም ያዘዝኩ እኔ ነኝ። መሪጌታ አልጻፉም።"

"ማን ጻፈ ታዲያ?"

ዝም አሉ። ወደኔ አልዞሩም። መሪጌታውም አልዞሩም። እኔ ጫማዬን አየሁ።

"አስተማሪው ምሏል፤ መሪጌታው አልምልም ብሏል" አለ አዛዡ። "ምን ይጠየቃል።" ሃያ ጅራፍ ፈረደ። መሪጌታውን ግንድ ላይ ሲያስተኟቸው አዛዡ በእጁ ወደኔ ጠቆመ። "አስተማሪ አይደለህ? ቁጠር። ሰው እንዲሰማ አድርገህ።"

ቆጠርኩ። ፈራሁ፤ ሌላ የምሰጠው ምክንያት የለኝም። እስከ አሥር ድረስ መሪጌታው አንድ የዜማ ቁራጭ ከጥርሳቸው መሃል ያወጡ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የኔ ድምፅ ብቻ ነበር።

ክፍል ስንመለስ ሙሴ የራሳቸውን የመጠጥ ውሃ በጣሳ ይዘው የመሪጌታውን ጀርባ ማጠብ ጀመሩ። ሸሚዙ ከሥጋው ጋር ተጣብቋል፤ ጥቂት በጥቂት እያራሱ ነው የሚያላቅቁት። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

"ምነው ስሜን አልጠሩም?" አልኳቸው።

"አንተን ብሰጥ እሳቸው ይተርፋሉ። ዝም ብል አንተ ትተርፋለህ። ሁለታችሁንም ነው የተረከብኩ። አንዱን ሰጥተህ ሌላውን አስቀር የሚል አልተነገረኝም።"

"ይጸልያሉ አይደል? ምን ይልዎታል ታዲያ?"

"ዝም ይላል።" ጨርቁን ጨመቁት። "ቀዩን ባላዝዝ ኖሮ የሳቸው እጅ ነው ብሎ ማን ይለያቸው ነበር? ስሙን አከብር ብዬ ሽማግሌ አስገረፍኩበት። ይኸንንም ነገርኩት። ዝም ይላል።"

"እኔስ ምን ላድርግ?"

"አላዝህም። የማልኸው በኔ ስም አይደለም።"

ጠላኋቸው። ቢሰድቡኝ፣ ለገበሬዎቹ ቢያሳጡኝ ይቀለኝ ነበር። አዝሃለሁ ቢሉኝ ታዝዤ እነሳ ነበር፤ ጥፋቱም ጀግንነቱም የሳቸው ይሆን ነበር። ያንን ነፈጉኝ።

በሁለተኛው ቀን፣ አሁንም ጻፍኩ ብለው ስላላመኑ፣ ሃያው ሊደገምባቸው መሪጌታውን ጠሩ። መቆም አልቻሉም። ሙሴ ደግፈው አወጧቸው፤ እኔንም ለመቁጠር አወጡኝ። ግንዱ ጋ ስንደርስ ሙሴ መሪጌታውን መሬት ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡና ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

"ጀርባ ከሆነ የፈለግኸው ጀርባ አለኝ" አሉት አዛዡን። "ይኸ ነገር በኔ ቀይ የመጣ ነው።"

"ጥሩ" አለ አዛዡ። "በምትክ ሲሆን ግን እጥፍ ነው።"

አርባ ማለት ነው። ጀመሩ፤ ጀመርኩ። ሙሴ አይጮሁም፤ ጅራፉ ባረፈ ቁጥር በአፍንጫቸው ኡፍ ይላሉ። አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ አቆምኩ።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት" አልኩ።

ገራፊው እጁን ሰቅሎ ቀረ። አዛዡ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣና በጣም ቀረበኝ። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

"ትናንት ምን ብለህ ማልህ?"

"በውሸት ማልኩ።"

"ወይ ትናንት ዋሽተሃል፣ ወይ አሁን አዝነህ ትዋሻለህ። ትናንት ወንጌል ነበረ፣ ዛሬ የለም። የቱን ልመን?"

"ጠመኔ ይስጡኝ፤ እዚህ ሲሚንቶ ላይ ልጻፍልዎ። ጽሕፈቱን ያስተያዩት።"

ያኔ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት። "ጻፊው መሪጌታው ነው ብዬ ትናንት ለበላይ አስታውቄያለሁ። አሁን ቃሌን ልታስበላኝ ነው?" ከዚያ ወደ ወንበሩ ተመለሰና እግሩን አነባበረ። "አሥራ ሰባት ላይ ነበርክ።"

ገራፊው ጠበቀኝ። ሙሴ ጉንጫቸው ግንዱ ላይ እንዳለ አንድ ዓይናቸውን ወደኔ አነሡ። ቁጣ አላየሁበትም፤ ምሕረትም አላየሁበትም። እንድጨርስና እንዲያልቅ የሚጠብቅ ዓይን ነበር።

"አሥራ ስምንት" አልኩ። እስከ አርባ ቆጠርኩ።

መሪጌታው በስምንተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ክፍሉ እንደ ምድጃ ሲግል ሞቱ። ቁስሉ መግሎ ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ ነው። ከመሞታቸው በፊት በነበረው ቀን እጅህን አምጣ አሉኝ። ቀኝ እጄን ሰጠኋቸው። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉ፣ ዘረጉ።

"አልደረቀችም" አሉ። "ደግ ነው። ጻፍባት።"

አለቀስኩ። ይቅርታ አላልኩም፤ ቃሉ ለጉዳዩ አነሰብኝ።

እሑድ ደረሰ። ሙሴ በደረታቸው ተኝተዋል፤ ቀና ማለት አይችሉም። ዳቦው ተሰብስቦ ሰዉ ሲጠብቃቸው ጣሳውን በክርናቸው ወደኔ ገፉት።

"ዛሬ አንተ አድል።"

ከገበሬዎቹ አንዱ፣ ጡቡን የፋቀው፣ "አያ፣ ይኸ ወንጌል ይዞ የዋሸ ሰው ነው" አለ።

"አዎ" አሉ ሙሴ። "የአንድ ቃል ነገር ስንት እንደሚያስከፍል ከሁላችን ይልቅ የሚያውቅ እሱ ነው። ይቅዳ።"

ቀዳሁ። ከአንዱ ጥግ ጀምሬ ለያንዳንዱ ሰው ጎንበስ እያልኩ ሰጠሁ። ያ ገበሬ ጋ ስደርስ ጣሳውን ዘርግቼ ቆምኩ፤ እሱ ፊቴን ያያል እንጂ አይቀበልም። ክንዴ እስኪዝል ድረስ አቆየኝ። ከዚያ በሁለት እጁ ተቀበለኝና ጠጣ። ለሙሴ አንገታቸውን ደግፌ አጠጣኋቸው። ዘበኛው መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ ያየን ነበር፤ በጥማት ስንቧጨቅ ሊያይ ይሆናል። የሚያየው ነገር አላገኘም። እንስራው እኔ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ባዶውን ጣሳ አንስቼ ወደ አፌ ዘንበል አደረግኩና አስቀመጥኩት። ትያትር አልነበረም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ገበሬዎቹን ወደ ሌላ እስር ቤት ሊወስዷቸው የጭነት ማኪና መጣ። ሙሴ በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛው እየገፋቸው ዞረው ጠሩኝ።

"የመሪጌታን የክርስትና ስም ታውቃለህ?"

"አላውቅም አያ።"

በጆሮዬ ነገሩኝ። "ሰው በጸሎት የሚታሰበው በዚህ ስም ነው" አሉኝ። "አንድ ተረክበሃል እንግዲህ።"

ከተፈታሁ በኋላ ኮላ ድባ ገበያ ወርጄ ሚስታቸውን አፈላልጌ አገኘኋቸው። እሳቸው ደግሞ ባላቸውን ከኔ ሊጠይቁ ጓጉተው ኖሯል። ሁለታችንም ወሬ አልነበረንም።

አሁን አርጅቻለሁ። እጄ አልደረቀም፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት ጠመኔ ይዤበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ምዬ አላውቅም፤ ስለዚህ እንደ ሙሴ አምናለሁ ብዬም አልምልም። የማውቀው ይህን ነው፦ እሳቸው የሚፈሩት አንድ ጠያቂ ነበራቸው፤ ለዚያ ብለው እኛን አልፈሩም፣ አዛዡንም አልፈሩም። እኔን ጠያቂ የለብኝም የሚለው ሐሳብ ምን እንዳደረገኝ ተናግሬያለሁ። የትምህርት ቤት አለቃ ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ባንድ አስተማሪ ወይም ተማሪ ላይ ከመፍረዴ በፊት የሁለቱን ሽማግሌዎች ዝምታ አስብ ነበር። ሁልጊዜ በትክክል ፈርጃለሁ አልልም።

ጡረታ ስወጣ የአባቴን ሥራ ጀመርኩ። አንድ ዳዊት ብራና ላይ ጻፍኩ፤ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፤ መሪጌታው ዜማ ያስተምሩበት ለነበረው ደብር ሰጠሁት። መጋዘኑ ሲፈርስ ከፍርስራሹ አንዲት ጡብ አንስቼ ነበር፤ ቀዩን ቀለም ከሷ ነው የበጠበጥኩት። የእግዚአብሔር ስም ባለበት ሁሉ በዚያ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ፣ ባሪያህን አስብ በሚለው ጸሎት ውስጥ፣ ለስም የሚተወው ባዶ ቦታ ላይ የመሪጌታውን የክርስትና ስም በዚያው ቀይ ጻፍኩ።

እዚህ ግን አልጽፈውም። አሁን የያዝኩት ብዕር ጥቁር ነው።